የዘጠኝ ጭራ

በእጅ ጽሑፌ ነው ሥራ ያገኘሁት፣
ዋጋ ጻፍ ተብዬ ሱቁን የገባሁት፤
ሐዋሳ ፒያሳ፣ ከባንኩ ፊት ለፊት፣
በቀን መብራት የሚበራበት፣ ግድግዳው መስታወት።

ጋሽ ሀሜሶ ሰውን ከነኪሱ ያነባል።
«አንድ ጻፍ» አለኝ፣ «ከኋላዋ አምስት ዘጠኝ ይከተላል።»
«ሁለት መቶ ሺህ አይደል? የጎደለው አንድ ብር ነው!»
«በእሷው አንድ ብር ነው» አለኝ፣ «ገዢ ልቡን የሚያሳርፈው፤
መቶ ሺህ ቤት ውስጥ ነኝ እያለ የሚጽናናው።»

የዘጠኝን ጭራ አሳምሬ ቆለመምኩ፤
ምን እንደሚመስል ያን ዕለት ልብ አላልኩ።

ትልቁ ስልክ መሀል ላይ ከነብርሃኑ ጉብ አለ፤
ይሸጣል ተብሎ አይደለም፤ ለሌላ ጉዳይ ነው የዋለ።
በቀኙ ያቆምናት፣ ሰማንያ አምስት ሺዋ፣
ከእሱ ጎን ስትታይ ይቀልላል ዋጋዋ፤
ትናንት ብቻዋን ሳለች «እሳት ናት!» የተባለች፣
ዛሬ በጌትየው ጥላ ምጽዋት መሰለች።

አንዱ ባለባጃጅ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣
«ያ መሀለኛው ስንት?» ነገርኩት፤ ምራቁን ተፋ።
«የባጃጄን ግማሽ በኪሴ ይዤ ልዙር?
እኔ ነኝ የምነዳው ወይስ እሱ ነው የሚያሽከረክር?»
ሲመሽ ከነእቁቡ መጣ፤ ሰማንያ አምስቷን ያዘ፤
«መቶ ሺህ አተረፍኩ» እያለ፣ እየሳቀ ተጓዘ።

ሰኔ ላይ ገበያው ሲበርድ ሃያ ሺህ ቀነስን፤
በቀይ እስክሪፕቶ «ቅናሽ» ብዬ ጻፍኩ። ጠበቅን።
ሰዉ ቀዩን ባየ ቁጥር ጥርጣሬ ገባው፦
«ተከፍቶ ነው? ውሃ ገብቶት? የማን እጅ ነው የነካው?»
በሳምንቱ ጋሽ ሀሜሶ ወረቀቱን ቀደደ፣
«ሠላሳ ጨምር» አለኝ፤ እጄ እሺ ብሎ ሄደ።
በዶላር አሳበብን።
ሳይመሽ ሁለት ሸጥን።

ለምን?
እስካሁን አልገባኝም።

ከአሞራ ገደል እትዬ ቀለሟ፣ ቆሮሶ ሻጯ፣
ባትሪ ልትጠይቅ ገባች፤ ቅርፊት አለ መዳፏ ላይ።
ወረቀቴን አየችና፣
«ይሄማ» አለች፣ «ባሌ አምባዛ የሚያጠምድበት መንጠቆ ነው።»
ጥቂት ዝም ብላ፦
«የእኔ ዓሣ ጠዋት ኩሩ ነው፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይለምናል፤
የእናንተ ዕቃ ግን ሲመሽበት ሽቅብ ይላል።
ግድ የለም፤ ዓመት ጠብቀው።
ይሸታል እሱም፤ ቀኑን ነው የማያውቀው።»

እውነቷን ነው። በጥቅምት አዲስ ጌታ መጣ፣
ያን የመሀሉን ንጉሥ ከዙፋኑ አስወጣ።
አሮጌው ወደ ቀኝ ወረደ፣
እኔም አዲስ ወረቀት፣ ያው ዘጠኝ፣ ያው ጭራ።

ስንታዬ በደመወዝ ቀን ከፓርኩ ሰርቪስ ትወርዳለች፣
ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ታያለች።
አትጠይቅም። አትገዛም። ትንፋሿ ያረፈበትን
ስትሄድ እኔ ነኝ የምወለውለው።

አንድ ቀን ግን ገባች። «ዋጋ ጸሐፊው አንተ ነህ?»
ነኝ አልኳት።
«እኔም እዚያ ሸሚዝ ላይ ዋጋ አንጠልጣይ ነኝ፤
በማላውቀው ገንዘብ፣ ለማላውቀው ሰው።
እዚያም መጨረሻው ዘጠኝ ነው።»

ሳቅን። ጋሽ ሀሜሶ ቀና ብሎ እስኪያየን ሳቅን፣
ዘጠኝ ሙሉ ቀን ስናመርት የምንውል፣ ማታ በዜሮ የምንገባ።

ከዚያ በላስቲክ የታሰረች ባለቁልፍ ስልኳን አውጥታ፣
«ቁጥርህን» አለች፣ «በወረቀት ስጠኝ፤ ስክሪኑ ሞቷል ማታ።»

ከዋጋ ወረቀቱ ቁራጭ ቀደድኩ። ጻፍኩ።
የመጨረሻዋ ቁጥር፣ አይቀርም፣ ዘጠኝ ናት።
ጭራዋን ሳልቆለምም፣ ቀጥ አድርጌ ሰጠኋት።